ኢቨንት ማዘጋጀትን ሙያ ለማድረግ፦ ከአሸርነት እስከ አዘጋጅነት

በየዓመቱ ጥር ሲገባ ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት መልእክት ይበዛል። «ኢቨንት ኦርጋናይዘር መሆን እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ሰሞኑን የሚያምር ሠርግ ወይም ምርቃት ያዩ ናቸው። ዓይናቸው ያረፈው አበባው፣ መብራቱና መድረኩ ላይ ነው። ዲኮር ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው። የሚችለውን ቀጥራችሁ ታሠሩታላችሁ። የአዘጋጁ ሥራ ሰዓት ነው። የሃያ ሰላሳ ባለሙያ ሥራ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በተባለው ደቂቃ እንዲገጥም ማድረግ። ፊልም ቢበላሽ ድጋሚ ይቀረጻል። ሙሽራ ግን ሁለተኛ አትገባም።

ሥራው ለእኛ አዲስ አይደለም። በቤተ መንግሥት ግብር ሲበላ ማን መቼ እንደሚገባ፣ የት እንደሚቀመጥ የሚቆጣጠር አጋፋሪ ነበር። በምኒልክ ግቢ፣ ዛሬ አንድነት ፓርክ ውስጥ በሚጎበኘው ትልቅ አዳራሽ፣ እንግዳው በማዕረጉ ተራ እየገባ ሲበላ ያን ሁሉ ሰው ያለ ትርምስ ማስተናገድ ትልቅ ችሎታ ይጠይቅ ነበር። በሰፈር ደግሞ እድር አለ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ቆጥሮ ያወጣል፤ ቆጥሮ ይመልሳል። ይህ ሁሉ ኢቨንት ማኔጅመንት ነው። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት ደግሞ የሙያችንን ዋና በሽታ ከማንም በፊት ተናግሮታል።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ ማኅበር 10ኛ ዓመቱን አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል አዳራሽ፣ ማታ፣ 300 እንግዳ ጠርቶ ሊያከብር ነው እንበል። ሥራውን ለእናንተ ሰጣችሁ።

1. መጀመሪያ የትኛው ዘርፍ እንደሚስባችሁ እወቁ

«ኢቨንት» አንድ ሥራ አይደለም። ኮንፈረንስ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ኮንሰርት አለ፣ ባዛርና ኤግዚቢሽን አለ፣ የምርት ማስተዋወቂያ አለ፣ ሩጫ አለ። የሚጠይቁት ባህሪ ይለያያል።

አዲስ አበባ የስብሰባ ከተማ ናት። አፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ግንቦት 17 ቀን 1955 የተፈረመውም እዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ከስብሰባ ተለይታ አታውቅም። ይህ ዘርፍ ፕሮቶኮል፣ አስተርጓሚ፣ የቪዛና የአየር ማረፊያ አቀባበል፣ ባጅ፣ ብዙ ብዙ ወረቀት አለው። ትዕግሥተኛና ዝርዝር የሚወድ ሰው ይሳካለታል። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ የሚችል ደግሞ ይፈለጋል።

ሚሌኒየም አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ ኮንሰርት ሌላ ዓለም ነው። የሕዝብ ብዛት፣ ድምፅ፣ ፀጥታ፣ የሌሊት ሥራ። ባዛር ደግሞ የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ሰሞን ሥራ ነው፤ ለሳምንታት ይዘልቃል። ለሩጫ ታላቁን ሩጫ አስቡ። በ1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ጀመረ። ዛሬ ያንን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሕዝብ ይሮጥበታል። እዚያ ላይ የሚሠራ ሰው ስለ መንገድ መዘጋት፣ ስለ ውኃ ማደያና ስለ አምቡላንስ ማወቅ አለበት። በውጭ የምትኖሩ ከሆነም መግቢያ አላችሁ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየክረምቱ ከተማ እየቀያየረ የሚያካሂደው ውድድር ስታዲየም፣ ምግብ፣ ሙዚቃና ሱቅ በአንድ ላይ የሚሠራበት ትልቅ ትምህርት ቤት ነው።

ሁሉንም ሞክሩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን አንዱን ያዙ።

2. ከታች ጀምሩ፤ አሸር (እንግዳ አስተናባሪ) ሁኑ፣ ኬብል ተሸከሙ

ቢዝነስ ካርድ አሳትመው የሚጀምሩ አሉ። አልመክርም። ቢያንስ አሥር ኢቨንት ላይ የሌላ ሰው ሠራተኛ ሆናችሁ ሥሩ። በምዝገባ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጠዋት የቆመ ሰው ስለ እንግዳ ባህሪ ብዙ ያውቃል። ስሙ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው ሲቆጣ ምን ይባላል? ሰልፍ ከበሩ ውጪ ሲደርስ ምን ይደረጋል? ይህን መጽሐፍ አያስተምርም።

ከአሸርነት በኋላ የሳውንድ ቡድን ጋር አንድ ወር ሥሩ። ክፍያው ትንሽ ነው። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። አዘጋጅ ሆናችሁ ባለሙያው «አይቻልም» ሲላችሁ እውነቱን ነው ወይስ ሰልችቶት ነው የሚለውን የምትለዩት ያኔ ነው።

ደብተር ያዙ። በየኢቨንቱ ማታ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ዘገየ፣ ለምን ዘገየ፣ እኔ ብሆን ከስንት ቀን በፊት እከላከለው ነበር። የእኔ የመጀመሪያው ደብተር እስካሁን አለኝ። ከየትኛውም ሥልጠና በላይ ጠቅሞኛል። በሆቴልና ቱሪዝም ትምህርት ቤት ማለፍም ጥሩ ነው፤ በተለይ ምግብና መስተንግዶውን በሥርዓት ያስተምራል። ሲ ኤም ፒ የሚባለው ለስብሰባና ለኢቨንት ባለሙያዎች የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀትም አለ። ለፈተናው ለመቀመጥ ግን የሥራ ልምድ ይጠይቃል። እንግዲህ መንገዱ ዞሮ ዞሮ በሥራ በኩል ነው።

3. ደንበኛውን አስቀምጣችሁ ጠይቁ

ማኅበሩ ሲመጣ «አሪፍ ፕሮግራም እንፈልጋለን» ይላል። ይህ መልስ አይደለም። ጠይቁ። እንግዳው ወደ ቤቱ ሲሄድ ምን ይዞ እንዲሄድ ትፈልጋላችሁ? አዲስ አባል ማግኘት ነው? ለጋሾችን ማመስገን ነው? ገንዘብ ማሰባሰብ ነው? መልሱ ሁሉን ነገር ይቀይራል። ገንዘብ ለማሰባሰብ ከሆነ ጥያቄው ከእራት በፊት መቅረብ አለበት። ከበላ በኋላ ሰው ኮቱን ያነሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ከእናንተ መካከል የሚወስነው ማን ነው? አንድ ስም ይሰጣችሁ፣ በጽሑፍ። የሰባት ሰው ኮሚቴ ሰባት የተለያየ ትዕዛዝ ይሰጣል። ሊቀመንበሩ ሰማያዊ ጨርቅ ይላሉ፤ ገንዘብ ያዧ አረንጓዴ ይላሉ። ሁለቱም በእናንተ ላይ ይቆጣሉ።

ሦስተኛው፦ ስንት ሰው ተጠራ፣ ስንት ሰው ይመጣል? ሁለቱ አንድ አይደሉም። እኛ ሀገር ጥሪ ተቀብሎ «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» ብሎ የሚያሳውቅ ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱ ይቀራል፤ አንዳንዱ ከሦስት ወዳጅ ጋር ይመጣል። ስለዚህ ከሳምንት በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለ300ውም ይደውል። አሰልቺ ነው። ግን የምግቡንም የወንበሩንም ወጪ የሚወስነው ይኼ ስልክ ነው።

4. ቀኑ ላይ ረጅም ጊዜ አጥፉ

ብዙ ኢቨንት የሚበላሸው ቀኑ በተቆረጠ ዕለት ነው። ምናልባት አልታወቀ ይሆናል እንጂ ያኔውኑ ተበላሽቷል።

መጀመሪያ የጾሙን አቆጣጠር ክፈቱ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ። በጾም ቀን ኢቨንት ማድረግ ክልክል አይደለም፤ የምግብ ዝርዝሩ ግን ተገልብጦ መሠራት አለበት። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል። የማታ ፕሮግራም ረመዳን ላይ ከዋለ ጀምበር ስትጠልቅ ንግግር አይደረግም። ቴምርና ውኃ ጠረጴዛው ላይ ይቅረብ፣ መስገጃ ቦታ ይዘጋጅ፣ ከዚያ ይቀጥላል። ይህን ያደረገ አዘጋጅ ሁሌ ይታወሳል።

ከዚያ የከተማውን አቆጣጠር እዩ። በየካቲት ወር አካባቢ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ አለ። ሆቴል ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል። ጥር እና ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ የሠርግ ነው፤ አዳራሽ ለማግኘት ከወራት በፊት መያዝ ያስፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ከቤት ውጪ የሚደረግ ነገር ሁሉ ድንኳን ይፈልጋል።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ልዩ ችግር እንምጣ፦ ሁለት አቆጣጠርና ሁለት ሰዓት። የጥሪ ካርድ በአማርኛ «ጥር 10» ይላል። እንግሊዝኛውን የሚሠራው ልጅ «ጃንዋሪ 10» ብሎ ይገለብጠዋል። ጥር 10 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 18 ነው። በዚያ ላይ ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታት የሚወጡበት ቀን ነው። መኪና የትም አይደርስም። አንድ ቃል ላይ ሁለት ጥፋት።

ሰዓቱ የባሰ ነው። አንድ ጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት የሚጀምር ፕሮግራም ነበረኝ። የእንግሊዝኛው ካርድ ላይም «3:00» ተብሎ ወጣ። ካርዱን አይቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። የውጭ እንግዶቹ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በክብር ልብሳቸው ሲደርሱ ልጆቹ የጠረጴዛ ጨርቅ እያጠፉ ነበር። የአንዲት አረጋዊት እንግዳ ፊት እስካሁን ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣሁ። በእንግሊዝኛ ካርድ ላይ ሰዓት ሲጻፍ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለው ምልክት የግድ ይኖራል። ቀኑ ከነሳምንቱ ቀን ይጻፋል። ካርዱን ከማሳተማችን በፊትም በሥራው ውስጥ የሌለ ሰው ያነበዋል። ጮክ ብሎ።

5. አዳራሹን በእግራችሁ ለኩት

ሆቴሉ «500 ሰው ይይዛል» ሲላችሁ እንዴት ተቀምጦ ብላችሁ ጠይቁ። በሲኒማ አደራደር የሚይዘውና በክብ ጠረጴዛ የሚይዘው በጣም ይለያያል። 1 ሜትር ከ80 ስፋት ያለው ክብ ጠረጴዛ 10 ሰው ይይዛል። ለ300 ሰው 30 ጠረጴዛ ነው። አስተናጋጅ ትሪ ይዞ የሚያልፍበት ክፍተት ጨምሩ። መድረኩን፣ ስክሪኑን፣ ቡፌውን፣ የሳውንድ ጠረጴዛውን ቀንሱ። ያን ጊዜ «500» የተባለው አዳራሽ ለ300ው ልክ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ስትጎበኙ በእንግዳ በር ብቻ አትግቡ። በዕቃ በር ግቡ። የስክሪኑ ሣጥን በዚያ በር ያልፋል? ሊፍቱ ይችለዋል? ከእኛ በፊት ሌላ ፕሮግራም አለ? ካለ ስንት ሰዓት ይለቃል? ማታ ያለቀ ሠርግ ያለበት አዳራሽ ጠዋት ሲረከቡት ባዶ አይደለም። መጸዳጃ ቤቱንም እዩ። መኪና ማቆሚያውን ቁጠሩ።

ከሁሉም በላይ መውጫውን እዩ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር። በ2010 እ.ኤ.አ. በጀርመን ዱይስበርግ በተደረገ የሙዚቃ ፌስቲቫል 21 ወጣቶች በመጨናነቅ ሞተዋል። የሚገባውም የሚወጣውም ሕዝብ በአንድ ዋሻና በአንድ መወጣጫ መንገድ እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር። መድረኩ የሚያምር ሊሆን ይችላል፤ መብራቱም። ሰው ያለቀው መንገድ ላይ ነው። ቆሞ በሚታይ ኮንሰርት አንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ4 ሰው በላይ ሲሆን ነገሩ ወደ አደጋ ይሄዳል። ከዚያ እየበዛ ሲሄድ ሰው በራሱ እግር አይንቀሳቀስም፤ ማዕበሉ ይወስደዋል። ስለዚህ የትኬቱ ቁጥር የሚወሰነው በስፋቱ እንጂ በፈላጊው ብዛት አይደለም። መግቢያና መውጫ ይለዩ። የድንገተኛ መውጫ በሮች በፕሮግራሙ ሰዓት እንዳይቆለፉ ራሳችሁ ሄዳችሁ ግፏቸው። የተቆለፈ በር አግኝቼ ፕሮግራም ያዘገየሁበት ቀን አለ። ደንበኛው ተቆጥቷል። ዛሬም ያው ነው የማደርገው።

የሕዝብ ፕሮግራም ከሆነ ክፍለ ከተማውንና ፖሊስን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የፈቃዱን ደብዳቤ ኮፒ በዕለቱ ኪሳችሁ ያዙ።

6. ገንዘቡንና ውሉን አትፈሩት

ዋጋ ስትሰጡ ቫት ያለበት ይሁን የሌለበት በግልጽ ጻፉ። 15 በመቶ ነው። ቫቱን ረስቶ ፕሮፎርማ ያስገባ ሰው ትርፉን ብቻ ሳይሆን ከኪሱም ይከፍላል። ከጠቅላላው ላይ 10 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ። ደንበኛው «ይኼ ምንድን ነው?» ይላል። ለጄኔሬተር ነዳጅ፣ ለተጨማሪ 20 ወንበር፣ ለማታ ትራንስፖርት ነው በሉት።

ክፍያችሁን በሁለት መንገድ መጠየቅ ትችላላችሁ። ወይ በቁርጥ፣ ወይ ከጠቅላላ ወጪው በመቶኛ። የትኛውም ይሁን፣ ከሳውንድ ቤትና ከካተሪንግ በድብቅ ኮሚሽን አትቀበሉ። አንድ ቀን ይታወቃል። የታወቀ ዕለት ወሬው ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ ይህ ትንሽ ከተማ ነው።

ቀብድን በሕጉ እወቁት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ከፋዩ ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አዳራሽ ቤቱ «የተሻለ ከፋይ መጣ» ብሎ ሊያስወጣችሁ ሲሞክር ይህን ማወቅ ድምፅን ያረጋጋል። እኔ ብዙውን ጊዜ ግማሹን ሲፈረም፣ 40 በመቶውን ከኢቨንቱ በፊት፣ ቀሪውን በሳምንቱ እቀበላለሁ። ሙሉውን በኋላ የሚል ደንበኛ ካለ በትሕትና አልሠራም እላለሁ።

7. መብራትና ድምፅ

መብራት እንደሚጠፋ አድርጋችሁ አቅዱ። ሆቴሉ ጄኔሬተር አለው? ስንት ኬቪኤ (የጄኔሬተር አቅም መለኪያ) ነው? 100 ኬቪኤ ማለት በተለመደው ስሌት 80 ኪሎዋት ያህል ነው። ያ ኃይል ደግሞ ኩሽናውንም፣ ሊፍቱንም፣ የእናንተንም ስክሪን ይሸከማል። ለባለሙያዎቻችሁ የሚበቃችሁ ስንት ኪሎዋት ነው በሏቸው፤ ደምሩ፤ ለሆቴሉ ቴክኒሻን አሳዩት። የእንጀራ ምጣድና የድምፅ ማጉያ ከአንድ መስመር አይሰኩም።

ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጥቂት ሰከንድ አለ። ያ ትንሽ ይመስላል። ግን ሚክሰሩ (የድምፅ ማስተካከያው) እና ኮምፒውተሩ ከጠፉ እንደገና እስኪነሱ ደቂቃዎች ይሄዳሉ። ስለዚህ ሁለቱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ይሁኑ። መድረክ መሪው ሚክ ሳይኖረው በጨለማ ቆሞ «ይቅርታ» ሲል ማየት አልፈልግም።

ሳውንድ ቼክ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነው የሚደረገው። ሰው ሲሞላ ድምፁ ይለወጣል። ባለሙያው ፕሮግራሙ ከተጀመረ በኋላ ቦታውን እንዳይለቅ። የገመድ አልባ ሚክ ባትሪ ከእራት በፊት በአዲስ ይቀየር፤ «ገና ነው» ቢባልም።

8. ምግብ ላይ ስሌት አለ

በቡፌ አንድ ሰልፍ ላይ በደቂቃ ሦስት ሰው ያህል ያልፋል። ይኼ በእኔ ዓይን የቆጠርኩት ነው። ለ300 ሰው አንድ ሰልፍ ብቻ ካለ 100 ደቂቃ ይፈጃል። የመጨረሻው ሰው ሳህን ሲያነሳ የመጀመሪያው ቤቱ ገብቷል። በሁለት በኩል የሚነሳ ሁለት ቡፌ ብታደርጉ አራት ሰልፍ ይሆናል፤ በ25 ደቂቃ ያልቃል። ያው ምግብ፣ ያው ዋጋ። የጠረጴዛው አቀማመጥ ብቻ ነው የተለወጠው።

የጾምና የፍስክ ይለዩ፤ ማንኪያቸውም ጭምር። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ከዕርዱ ጀምሮ በተለየ እጅ፣ በተለየ ድስት ይሠራ። ምልክቱ በትልቁ ይጻፍ። እንግዳ ጎንበስ ብሎ አስተናጋጅ እንዲጠይቅ አታድርጉት። ለሠራተኞቻችሁም ምግብ ቁጠሩ። ከጠዋት የቆመ አሸር ማታ በባዶ ሆዱ ፈገግ አይልም።

9. የደቂቃ ወረቀቱን ጻፉ

የሙያው ልብ እዚህ ነው። በወረቀቱ ላይ አራት መስመር ይኖራል፦ ሰዓት፣ ምን ይሆናል፣ ማን ያደርገዋል፣ ማን ይከታተለዋል። ሲጻፍ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው። እንግዳ የሚገባው 11፡30 ከሆነ አሸሮች 11፡00 ቦታቸውን ይዘዋል። የመድረክ ልምምድ 10፡00 ላይ ነው። ሳውንድ ቼክ 8፡00 ላይ። ዲኮሩ 7፡30 ላይ ያልቃል። ስለዚህ የሳውንድና የስክሪን ዕቃ ጠዋት 2፡00 ላይ መግባት አለበት። አዳራሹን ደግሞ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ መያዝ አለባችሁ። አያችሁ? የአዳራሹን ኪራይ የወሰነው የእንግዳው መግቢያ ሰዓት ነው።

ምሽቱን እንዲህ እቆርጠዋለሁ። 12፡00 መክፈቻ። 12፡10 የሊቀመንበሩ ንግግር፣ 7 ደቂቃ። 12፡20 የአሥር ዓመቱ ፊልም፣ 6 ደቂቃ። 12፡30 የክብር እንግዳ፣ 10 ደቂቃ። 12፡45 ሽልማት። 1፡15 እራት። 2፡00 ሙዚቃ። 3፡30 ምስጋና። 4፡00 መሸኘት። የክብር እንግዳው ቢዘገዩስ? ከጎኑ ሌላ መስመር ይጻፋል፦ ሽልማቱ ይቀድማል። ይህ ውሳኔ ቀድሞ ከደንበኛው ጋር ያልቃል፤ በዕለቱ በበር ላይ ሹክሹክታ አይወሰንም።

ንግግር ይረዝማል። ከተናጋሪው ፊት ለፊት፣ ሕዝብ በማያየው ቦታ፣ የሚቆጥር ትልቅ ሰዓት አስቀምጡ። ሽማግሌን ከመድረክ ማውረድ ነውር ነው። ሰዓቱን አይተው በራሳቸው እንዲጨርሱ መርዳት ግን አክብሮት ነው።

በመቀያየሪያ ላይ የሚባክነውን ጊዜ ለማወቅ በ1977 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የሆነውን አስቡ። ለሀገራችን ረሃብ ርዳታ ለማሰባሰብ ላይቭ ኤድ የተባለው ኮንሰርት በአንድ ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። በቀጥታ ሥርጭት ላይ ስለሆነ ባዶ መድረክ ማሳየት አይቻልም ነበር። በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም የተሠራው መድረክ የሚዞር ነበር። አንዱ ባንድ ሲጫወት የሚቀጥለው ከኋላ ዕቃውን ይደረድራል። እኛ የሚዞር መድረክ አያስፈልገንም። ሐሳቡ ግን ይበቃናል፦ መድረክ ላይ አንዱ ሲናገር ቀጣዩ ሚክ ተደርጎለት ደረጃው ሥር ቆሟል።

10. የዕለቱ ሥራ

ወረቀቱን ዋዜማ ለሁሉም አከፋፍሉ። ለጥበቃውም፣ ለፓርኪንጉም። በዕለቱ ትዕዛዝ የሚወጣው ከአንድ አፍ ብቻ ነው። ሬዲዮ ከሌለ የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ። ሕዝብ ሲበዛ ኔትወርክ ሊጨናነቅ ስለሚችል ግን መልእክት የሚያደርስ እግረ ፈጣን ልጅ አጠገባችሁ ይሁን።

እናንተ የት ትቆማላችሁ? መድረኩንም በሩንም በአንድ ጊዜ የምታዩበት ቦታ። አትቀመጡ። የሚመች ጫማ አድርጉ። አትጩሁ። አዘጋጁ ሲሮጥ ያየ እንግዳ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል። የክብር እንግዳ ሲደርስ ከመኪናው የሚቀበል ሰው ይመደብ። ወንበሩ ላይ ስሙ ይለጠፍ። በዚያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ከተቀመጠ አሸሯን ሳይሆን አንድ በዕድሜ የገፉ የኮሚቴ አባል ላኩ፤ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ያዘጋጀንልዎት ቦታ አለ» ሲሉ ሰው ሳይከፋው ይነሳል።

11. ከእንግዳ በኋላ

የመጨረሻው እንግዳ ሲወጣ ሥራው ሦስት ሰዓት ይቀረዋል። ዕቃ ሲፈታ ሰው የሚጎዳው ያኔ ነው፤ ሁሉም ደክሟል፤ መብራቱም ቀንሷል። ከፍ ያለ ቦታ የሚወጣ ሰው ብቻውን አይውጣ። የተከራያችሁትን በደብተር እየቆጠራችሁ መልሱ። ለቀን ሠራተኞች ክፍያቸውን ከመሄዳቸው በፊት ስጡ። «ሰኞ ና» አትበሉ። የእነሱ ሰኞ ሩቅ ነው። ሴት አሸሮችን ማታ ወደየቤታቸው የሚያደርስ መኪና ቀድሞ በበጀቱ ይገባል።

በማግስቱ ጠዋት፣ 4 ሰዓት ገደማ፣ ለደንበኛው ደውሉ። መጀመሪያ እሱ ይናገር። ከዚያ በሳምንቱ ውስጥ ደረሰኞቹን፣ የመጣውን ሰው ቁጥርና ሳይሳካ የቀረውን ነገር በአንድ ገጽ አድርጋችሁ በእጅ ውሰዱለት። ቀሪውን ክፍያም ያኔ ተቀበሉ። ወረቀቱን ሲያነብ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው ደንበኛችሁ ነው፤ ስልኩን ጠይቁት።